ለግንበኛው አባቴ፦ የቅስቱ ድጋፍ ስለሚወጣበት ቀን

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ክረምት ስልህ የእኛን ሐምሌና ነሐሴ እንዳይመስልህ፤ እኔ ባለሁበት አገር ዝናቡ የሚወርደው አገር ቤት ጥምቀት በሚከበርበት ወራት ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሰማዩ እንደ ጋለ ቆርቆሮ ይሆናል። ስለዚህ አንተን ያጣሁበትን ጊዜ በሁለት ሰማይ ነው የምቆጥረው፤ አንዱ ሲደርቅ በሌላው ይዘንባል።

የምጽፍልህ ከቤሩት ነው። ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ልጄን ለመጽሐፍ እንጂ ለሰው ቤት አላሳደግኋትም ትል ነበር። የተሳፈርኩት አርባህ ከወጣ በኋላ ነው። መጽሐፌን አልተውኩም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መጽሐፍና ያንተ ዳዊት ትራሴ ሥር ናቸው። የምኖረው ሀደት በሚባል የከተማዋ ዳርቻ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሥራዬም ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን አንዲት እናት መንከባከብ ነው። ስማቸው ሎሪስ ነው። እዚህ አያትን ቴታ ስለሚሉ እኔም ቴታ እላቸዋለሁ። ዛሬ ስለ እሳቸው የምጽፍልህ ግን ስለ አንተና ስለ እማዬ ለመጻፍ ሌላ መንገድ ስላላገኘሁ ነው።

አስቀድሜ በቤታችን የተለወጠውን ልንገርህ። የተኛህበት አልጋ ተፈትቶ ጓዳ ገብቷል፤ በቦታው እህቴ ብዙነሽ ሁለት ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን አስቀምጣለች። ቱንቢህና ውሃ ልክህ ከበሩ በላይ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም። በጡረታህ ማግስት ደጃፉ ላይ የሠራኸው የድንጋይ ደረጃ አንድም ድንጋዩ አልተነቃነቀም። የተነቃነቀችው እማዬ ናት። ብዙነሽ በዚህ ዓመት መጀመሪያ በጻፈችው ደብዳቤ፣ እማዬን በክብር አስቀምጠናታል፣ ከወንበሯ አናስነሳትም፣ ውሃ እንኳ ራሷ አትቀዳም ብላኛለች። የጻፈችው በኩራት ነው። እኔ ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ፣ በአንድ እጄ ወረቀቱን በሌላው መወልወያውን እንደያዝኩ፣ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቃላቱን አውቃቸዋለሁና። ስለ አንተም ያልነው ይህንኑ ነበር።

ታስታውሳለህ፣ በዚያ ሐምሌ ግቢው ውስጥ አድጦህ ወደቅህ። አጥንትህ አልተሰበረም፤ ወጌሻው ወገብህን አሽቶ፣ ሳምንት ይረፍ ብሎ ሄደ። ያ ሳምንት ግን ማለቂያ አጣ። የዕድር ሰዎች መጡ፣ ጎረቤት መጣ፤ እያንዳንዱም፣ ዕድሜ ልክህን ድንጋይ ተሸክመሃል፣ ከእንግዲህ ልጆችህ ይሸከሙህ እያለ ትራስህን አስተካከለልህ። ለመነሳት ስትሞክር ሁላችንም ተሻምተን እንይዝሃለን። ውሃ ስትል ውሃ፣ ጋቢ ስትል ጋቢ ካለህበት ይመጣልሃል። ምግብህ ቀጭን አጥሚትና ሻይ ሆነ፤ ለታማሚ የሚስማማው ይህ ነው ተባለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባትህ ወተትና እንቁላል ፈቅደውልህ ነበር፤ አንተ ግን፣ ቆሜ መስገድ ካቃተኝ በጾሜስ ለምን እታማለሁ ብለህ እምቢ አልክ። የምስሩንም የሽሮውንም ወጥ ይከብደኛል እያልክ መለስከው።

እግርህን ሳጥብ ያየሁትን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልጅ ሆኜ በሁለት እጄ የማይዞርልኝ፣ መወጣጫ ላይ ጥርብ ድንጋይ ይዞ ይወጣ የነበረው ባትህ፣ በአንድ መዳፌ ውስጥ ገባ። ሐኪም ቤት ስንወስድህ ሳንባው ነው አሉን። የገደለህም ሳንባህ ነው፤ ይህን አልክድም። ሳንባህን ያን ያህል ለበሽታ ያጋለጠው ግን አልጋው መሆኑን የተማርኩት እዚህ መጥቼ ነው። ማንንም ልወቅስ አልጻፍኩም፤ የተደረገው ሁሉ ከፍቅር ነበር። ነገር ግን ፍቅርም እንደ ግድግዳ በውሃ ልክ መፈተሽ ይገባዋል። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ያስተማርከኝን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ቀን ምሳህን ይዤ ወደምትሠራበት ቦታ መጥቼ ነበር። ለአንድ ትምህርት ቤት የቅስት በር እየሠራችሁ ነበር። ድንጋዮቹ ተደርድረው የመሃለኛው ገብቷል፤ ከሥር ግን ሁሉንም የእንጨት ድጋፍ ይዟቸዋል። ቀኑ ድጋፉ የሚወጣበት ነበር። ሠራተኞቹ ፈርተው ጥቂት ይቆይ አሉ። አንተ ግን መዶሻህን አንስተህ ሽብልቁን መታህ። ድጋፉ ሲወርድ ድንጋዮቹ አንድ ጊዜ ብቻ ተንቋቁ፤ ከዚያ ጸጥ አሉ። ያን ጊዜ ላብህን በክንድህ ጠርገህ፣ «ቅስት የሚጠነክረው ሸክሙን ሲቀበል ነው። እንጨቱን ካላወጣሽለት ዕድሜ ልኩን የሚቆመው እንጨቱ ነው» አልከኝ። ምሳህንም ከቅስቱ ሥር ተቀምጠህ በላህ፤ ሠራተኞቹ እንዲያዩህ።

አሁን ወደ ቴታ ልመለስ።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኙ። ሲሄዱ በእግራቸው ነበር የወረዱት። ሲመለሱ ግን መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ስለቆመ ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወጧቸው፤ ከዚያ ወንበር በራሳቸው መነሳትም አቃታቸው። እዚህ አገር የእርስ በርስ ጦርነቱ ካለቀ ዓመታት ቢያልፉም መብራቱ ገና በፈረቃ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር አዛውንት እግር ከሌለ ቤቱ እስር ቤት ነው። ልጃቸው ማዳም ሚርና ለእናቷ ትንሽ የናስ ደወል ገዛችላቸው። ማዳም የምትኖረው ባዳሮ በሚባል ሌላ ሰፈር ነው፤ ወደዚህ አገር ያስመጣችኝም እሷ ናት። ደወሉ ሲመታ እኔ እሮጣለሁ፤ መነጽር አቀብላለሁ፣ ውሃ አመጣለሁ፣ የራዲዮውን ድምፅ ዝቅ አደርጋለሁ። የማዳም ትእዛዝ አንድ ነበር፤ እናቷ ጣታቸውን እንዳያነሱ። እዚህ የጥሩ ሠራተኛ መለኪያ ይህ ነው፤ የእኛም አገር የጥሩ ልጅ መለኪያ ከዚህ አይለይም።

ብዙም ሳይቆይ ማዳም ፈረንሳይ ካለው ወንድሟ ጋር በስልክ ተማከረች። ወንድሟ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያ ቴታ ከወንበር በራሳቸው መነሳት፣ ደረጃውንም መውረድ ካልቻሉ፣ ተራራው ላይ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት ይገባሉ፤ ይህም ቤት ይዘጋል። ቴታ ይህን በሰሙ ቀን አላለቀሱም። እዚያ የገባች የቀድሞ ጎረቤታቸውን አንድ ጊዜ ሄደው ጠይቀዋት ነበር፤ ሴትዮዋም «መስኮቱ ሥር እንደ ጫማ ደርድረውናል» ብላቸዋለች። ይህ ቤት ሙሽራ ሆነው የገቡበት፣ ቦምብ ሲወርድም ከባለቤታቸው ጋር መተላለፊያው ላይ ፍራሽ ዘርግተው ያሳለፉበት ነው። ያን ሁሉ አልፈው በመጨረሻ እንደ ጫማ እንዲደረደሩ አልፈለግሁም። አንተን ያጣሁ ልጅህ ይህን ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሆስፒታሉ ለጥቂት ጊዜ እግራቸውን በእንቅስቃሴ የምታበረታ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ወደ ቤት ልኮልን ነበር፤ ማድሞዜል ሪታ ትባላለች። እሷ ማስረዳት ትወዳለች፣ እኔ መጠየቅ፤ ስለዚህ ተግባባን። ጡንቻ ከዕድሜ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል አለችኝ፤ አልጋ ላይ ሲሆኑ ግን ቁልቁል ይሮጣል። ወጣት ቶሎ የሚመልሰውን አዛውንት የሚመልሰው በብዙ ድካም ነው። ቢሆንም ይመለሳል። በሰማንያ ዓመትም ቢሆን ሸክም የሰጡት ጡንቻ፣ የሚሠራበትን ምግብ ካቀረቡለት ይጠነክራል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። ድንጋይ ያለ ጭቃ፣ ጭቃ ያለ ድንጋይ ግድግዳ እንደማይሆን ማለት ነው፤ ይህኛው የእኔ ምሳሌ ነው፣ ከአንተ የሰረቅሁት። በትምህርት ቤት ገንቢ ምግብ እያልን የሸመደድነው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ዓሣው፣ ባቄላውና ምስሩ፣ ለልጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሪታ እንዳለችው ግን አዛውንት ትንሽ ስለሚበላ፣ ያ ትንሹ ከማንም ይልቅ ገንቢ መሆን አለበት፤ በምሳ ብቻ ሳይሆን በቁርስም በራትም።

ቴታ ሪታ ከምታሠራቸው እንቅስቃሴ በኋላ እግራቸው ይዝልና ያቃስቱ ነበር። ማዳም ይህን አይታ «ሀራም፣ ታሳዝናለች፤ ኸላስ፣ በቃ፤ እናቴን አደከመቻት» ብላ ማድሞዜል ሪታን አሰናበተቻት። ሪታ ስትወጣ ሻንጣዋን ይዤ እስከ ደረጃው ሸኘኋት። የደረት ውጋት፣ ማዞር ወይም ስለታም ሕመም ከመጣ ወዲያው እንዳቆም፣ የጡንቻ መዛል ግን የሥራ ምልክት እንጂ ሕመም እንዳልሆነ ደጋግማ ነገረችኝ። ከዚያ ሻንጣዋን ተቀብላ፣ «ከእንግዲህ የምታደርጊላቸውን ሳይሆን የማታደርጊላቸውን ምረጪ» አለችኝ።

መጀመሪያ የቴታን ፈቃድ ጠየቅሁ። ሰውን በግድ ማስነሳት በግድ ከማስተኛት አይሻልም። የሰማሁትን ሁሉ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገርኳቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ደወሉ ሲመታ እንደምመጣ፣ መነጽሩንና ውሃውን ግን እንደማላቀብላቸው። እሳቸውም፣ ባለቤታቸው መኮንን እንደነበረ፣ እሱ እንኳ እንዲህ አዟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ቀጥለውም «ያላ፣ ጀነራል»፣ በይ እንጀምር እንደ ማለት፣ ብለው የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ስሜ ጀነራል ነው።

መነሳቱ እንዲቀላቸው በወንበሩ ላይ ወፍራም ትራስ አኖርንና ከፍ አደረግነው። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጋሉ፤ እግራቸውን ከጉልበታቸው በታች ይሰበስባሉ፤ አፍንጫቸውን ከእግራቸው ጣቶች በላይ አሳልፈው ይነሳሉ። መቀመጡ ከመነሳቱ ይብሳል፤ ሰውነታቸውን ይጥሉት ነበርና፣ መቀመጥ መውደቅ አይደለም እያልኩ ቀስ እንዲሉ እለምናቸዋለሁ። ሳህን ማጠቢያውን ይዘው ተረከዛቸውን ያነሳሉ፤ የምስር ከረጢት በየእጃቸው ይዘው ክንዳቸውን ያጥፋሉ። መተላለፊያው ላይ፣ ያኔ ፍራሽ በተዘረጋበት፣ እየተመላለሱ ይሄዳሉ። ትራሱ ሲሳሳ እኛም በረታን፤ በየጥቂት ቀኑ ቀጭን እተካለታለሁ።

የእኔ ሥራ ምን እንደነበር ታውቃለህ? እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መቆም። ቢወድቁ በምይዝበት ቅርበት፣ ሳልይዝ። አባዬ፣ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚህ የከበደኝ የለም። ሲንቀጠቀጡ እጄ በራሱ ወደ ፊት ይመጣል፤ በሌላው እጄ አንጓውን ይዤ እመልሰዋለሁ። አንዳንድ ቀን ተመልሰው ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላሉ፤ በፈረንሳይኛ ይሰድቡኛል፤ ከዚያ «ፓርዶን፣ ጀነራል» ብለው እንደገና ይነሳሉ። አንድ ቀን ግን አለቀሱ፤ ቀኑን ሙሉም አላነጋገሩኝም። በማግስቱ ሳልጠይቃቸው ከትራሱ ጫፍ ተጠግተው አገኘኋቸው።

ምግቡ ሌላ ትግል ነበር። ከሆስፒታል ሲመለሱ የሚኖሩት በሻይ የተነከረ ብስኩት እየበሉ ነበር። እንቁላልና እንደ አይብ የጠጠረ እርጎ፣ ለብኔ የሚሉትን፣ በቁርስ ማስለመድ ጀመርኩ፤ ገና ሲለምዱት ጾማቸው ገባ። ቴታ ማሮናዊት፣ የዚህ አገር ካቶሊክ፣ ናቸው፤ እንደ ድሮው ሥርዓት ከወተትም ከእንቁላልም ይከለከላሉ። ቁርባን ሊያቀብሏቸው የመጡት ካህን ታማሚ አይገደድም ቢሏቸው ቴታ ልክ እንደ አንተ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ራስ ሲነቀነቅ ሳይ አልጋህ ፊቴ ድቅን አለ። ጾማቸውን ልነካባቸው ግን አልፈለግሁም፤ እምነት የሌለበት ጉልበት ለሳቸው ምን ያደርግላቸዋል? የጾምን ገበታ ግን እኛ ሐበሾች እናውቀዋለን። ጠዋት ፉል፣ ቀን ምስር ከሩዝ ጋር፣ ማታ የተፈጨ ሽንብራ በሰሊጥ ቅባት አቀረብኩ። ይከብደኛል ሲሉ አልቀነስኩም፤ በጥቂት በጥቂቱ አድርጌ ጊዜውን አበዛሁት። ጾሙ አልፈረሰም፣ ጡንቻውም አልተራበም።

ከዚያ የቅርጫቱ ነገር መጣ። በዚህ ሰፈር ሴቶች አትክልት ሊገዙ አይወርዱም፤ ከሰገነታቸው ላይ ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፤ ጋሪ የሚገፋው ሻጭ ይሞላላቸዋል፤ ይጎትታሉ። ቴታ ከመታመማቸው በፊት በዚህ ቅርጫት የታወቁ ነበሩ፤ የበሰበሰ ቲማቲም ከገባበት እንደ ሞላ መልሰው ያወርዱታል ይባላል። አንድ ጠዋት ገመዱን ራሴ ልጎትት አሉ። ድንች ነበር የገዙት። በሰገነቱ ብረት ተደግፈው፣ እጅ በእጅ እየቀያየሩ ሲስቡ፣ እኔ እንደ ልማዴ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ከየሰገነቱ ጎረቤት ያያል። በዚያው ሰዓት ማዳም ሚርና በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች።

ያየችውን አስበው፤ እናቷ ጎንበስ ብለው ድንች ይጎትታሉ፤ ሠራተኛዋ እንደ ጌታ ቆማ ታያለች። ፊቷ ደም ለበሰ። ሰፈሩ ሁሉ እያየ እናቷን እንዳዋረድኩ፣ ወንድሟ ከመምጣቱ በፊት በሌላ ልጅ እንደምትተካኝ ተናገረች። «ያመጣሁሽ እጅሽን አጣምረሽ እንድትቆሚ ነው?» አለችኝ። ልለምናት እችል ነበር፤ አልለመንኩም። የማምንበትን ነገር ባለጌ ሳልሆን መናገር እንደሚቻል ካንተ ተምሬያለሁ። «ማዳም፣ ውሃ ላቀብላቸው እችላለሁ፤ እግር ግን ላቀብላቸው አልችልም» አልኳት።

ቴታ ገመዱን አልለቀቁም። «ሚርና፣ ወይ ገመዱን ያዢ ወይ ዞር በይ፤ ድንቹ ሊወድቅ ነው» አሉ። ድንቹን አስገቡ። ከዚያ ብረቱን፣ ቀጥሎም ግድግዳውን እየያዙ ወደ ሳሎን ገቡና የናስ ደወሉን ይዘው ተመለሱ፤ ባዶው ቅርጫት ውስጥ አስቀምጠው አወረዱት። ለሻጩም፣ ጋሪህ ላይ ስቀለው፣ እዚህ የሚሰማው ሰው የለም ብለው ጮኹበት። እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ያ ደወል በሰገነታችን ሥር እየተንቃጨለ ያልፋል፤ ቴታ በሰሙት ቁጥር ይስቃሉ።

ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ስታለቅስ አየኋት። እናቴ ትወድቅብኛለች ብላ እንደምትፈራ፣ እኔ ማታ ስተኛ እሷ ባዳሮ ሆና ስለ እናቷ መውደቅ እያሰበች እንደምታነጋ ነገረችኝ። ብዙነሽን በዐረብኛ ስትናገር የሰማሁ መሰለኝ። ንዴቴ ከውስጤ ወጣ። እናትሽን የምትወጂ ስለሆንሽ ነው አልኳት፤ ማድሞዜል ሪታ ያስተማረችኝንም ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት። አመንኩሽ አላለችኝም። ወንድሟ እስኪመጣ እንድንቀጥል፣ ደረጃ ላይ ግን ያለ እኔ አንድ እርምጃ እንዳይራመዱ ብቻ አዘዘች። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ ተቀበልኩት።

የፋሲካ ማለዳ እንቁላሉ ተመልሶ ገበታው ላይ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጃቸው ደረሰ። ማዳም ከአውሮፕላን ማረፊያው ይዛው ስትመጣ መብራት የለም። ከታች «እማማ፣ እየወጣሁ ነው» ብሎ ተጣራ። ቴታ ጫማቸውን ካደረጉ ቆይተዋል። መደገፊያውን ይዘው፣ እኔ ከሥራቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ፣ መውረድ ጀመርን። ዓላማችን እስከ ዋናው በር ነበር። አንደኛ ፎቅ ስንደርስ ግን ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ይበቃል አልኳቸው። ጎረቤት ወንበር አወጣችልን፤ ትራስ የሌለው ዝቅተኛ ወንበር ነበር። ተቀመጡ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ካለ ወንበር ተነስተው አያውቁም።

ልጃቸው ሲደርስ እናቱን እዚያ አገኘ። «እኔ ግማሹን ወረድኩልህ፤ አንተም ግማሹን ወጣህልኝ፤ ዕዳ የለብንም» አሉት። ተሳሳሙ። ከዚያ ሊያነሳቸው ሁለት እጁን ዘረጋ። ይህን ጊዜ ከኋላው የነበረችው ማዳም ሚርና «አትንካት» አለችው። ዞር ብዬ ሳያት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች።

ቴታ ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጉ። እግራቸውን ሰበሰቡ። አንድ ጊዜ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ። ልጃቸው ሊያነሳቸው ቃጣው፤ ማዳም እጅጌውን ያዘችው። ለሁለተኛ ጊዜ አፍንጫቸውን አሳልፈው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ተነሱ። ያን ጊዜ አባዬ፣ የዚያ ቀን ድንጋዮች ሲንቋቁ ሰማሁ።

ልጆቻቸው ቴታ እቤታቸው እንዲቆዩ ተስማሙ፤ የተራራው ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለዘለዓለም ነው አልልህም፤ የሚቀጥለው ክረምት ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፤ ማድሞዜል ሪታም ጡንቻ ያቆሙበት ቀን መቅለጥ ይጀምራል ብላኛለች። ስለዚህ አናቆምም። ማዳም እንደገና ጠራቻት፤ አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ትመጣለች። ማዳም ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እሑድ እሑድ ከባዳሮ ስትመጣ ግን እንቁላልና ዓሣ ይዛ ትመጣለች፤ እናቷ ራሳቸው ሊያነሱ የሚችሉትንም ነገር ማንሳት ትታለች።

ያንኑ ሰሞን ለብዙነሽ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። እማዬን ከወንበሩ አስነሷት፣ ውሃዋን ራሷ ትቅዳ፣ አጠገቧ ቁሙ እንጂ አትያዟት፣ በጾሙም በፍስኩም ገበታዋ ላይ ባቄላ፣ ምስር ወይም እንቁላል አይጥፋ፣ መጀመሪያ ግን ልቧን ሐኪም ይይላት አልኩ። መልሱ ቁጣ ነበር። አንቺ አረብ አገር ሆነሽ ታዢያለሽ፣ እኛ ግን ጎረቤት ፊት እንቆማለን፤ ልጆቿ ከመሞቷ በፊት ጣሏት ተባልን ትላለች። ገባኝ፤ እዚህም ሰገነቱ ሁሉ ያየናል። ከደብዳቤው ግርጌ ግን እማዬ በቃል ያስጻፈችው አንድ መስመር ነበረ፦ «ጓዳ ድረስ ሄጄ ጨው አመጣሁ። ተቆጡኝ። ደስ አለኝ።»

አባዬ፣ ከእንግዲህ እንዴት እንደማስታውስህ ልንገርህ። ሙት ዓመትህ ሲደርስ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስምህን አስጠራለሁ፤ ይህ የታወቀ ነው። ከዚያ በላይ ግን የማስታውስህ አጠገቤ አንድ አዛውንት ለመነሳት በሚታገልበት ጊዜ ሁሉ ነው። አልጋው ላይ የነበረውን እግርህን አልረሳም፤ ግን እሱን ብቻ አላስታውስም። መዶሻ ይዘህ ሽብልቁን የመታህበትን ክንድ፣ ከቅስቱ ሥር ተቀምጠህ ምሳ የበላህበትን ድፍረት አስታውሳለሁ። አገር ቤት ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ከእማዬ ጋር ደጃፉ ላይ ያለውን ያንተን ደረጃ መውረድና መውጣት ይሆናል። ይህን ቃል እሰጥሃለሁ።

እዚህ ላይ ላብቃ። ቴታ ከወንበራቸው ጫፍ ተጠግተዋል፤ ሄጄ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መቆም አለብኝ።

ልጅህ